የዘለለኝ ጽዋ

እስቲ ፍረዱኝ። ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። የልደታ ጽዋ ማኅበራችን ግን አልፈረሰም፤ በየወሩ በየተራ እንደግሳለን። ባለፈው ልደታ ቀጣዩ ተራ የእኔ ነበርና ጽዋውን ልረከብ ነጠላዬን አስተካክዬ ብድግ አልኩ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያችን ጋሼ ወንድሙ ግን እኔን አልፈው ለእትዬ በላይነሽ አቀበሉ! «ጋሼ፣ ተረኛዋ እኮ እኔ ነኝ» ብላቸው፣ «አውቃለሁ ልጄ፤ ቤትሽ ጠባብ ስለሆነ እንዳትቸገሪ ብለን ነው» አሉኝ። አዘነች ብላችሁ እንዳታስቡ፤ ነደደኝ እንጂ! «ልጇን በበረት የወለደችው እመቤት ናት ቤቴ የሚጠባት?» አልኳቸው። ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አደረጉና፣ «እሷማ ትገባ ነበር፤ እኛ የት እንቀመጣለን?» አይሉኝም? ሁሉም ሳቀ። «ለወሩ በሰላም ያድርሰን» ሲባል አሜን ሳልል ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አከራዬ እማማ ዘይነባ ሰግደው ጨርሰው ግቢውን እየጠረጉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና፣ «መጣሽ? ለወሩ ተራሽ ለማኅበርሽ ሰዎች መቀመጫ ከየጎረቤቱ አግዳሚ ወንበር ለምኜልሻለሁ። ይበቃችኋል?» አሉኝ።