ለጓዳ የተገዛ ጓንጉል

ከደሴ ወደ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች አይተዋወቁም። አንዷ እናት ናቸው፣ ሌላዋ ወጣት።

«አዲስ ጓንጉል ቁልፍ ገዙ፣ እማ?»

«ለጓዳዬ ነው። ምራቴ ነገ ከዱባይ ትገባለች። ልጄ ጅዳ ሆኖ ኒካሁ በስልክ ታሰረ። እሱ እስኪመጣ ከእኔ ጋር ልትኖር ነው፤ በአካል አይቻት አላውቅም።»

«ታዲያ ጓንጉሉ ለምን አስፈለገ?»

«ትናንት ብቻዬን በስልክ አንድ ፊልም አየሁ። እንግዳ ሆና የገባችው ሴት ሳቂታ ናት። ሻይ ታፈላለች፣ ልጆች ታጥባለች። ቀስ በቀስ ባልና ሚስቱን አጣልታ ቤቱን ወረሰችው። ወላሂ፣ እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

«የእኔም ማዳም እንዲህ ያለ ፊልም ትወድ ነበር።»

«የት?»

«ኩዌት። በገባሁ ቀን ጓዳውን ቆለፈችብኝ። ዳቦ እንኳን ለምኜ ነበር የምበላው።»

«ምን ታደርገኛለች ብላ ነው?»

«እንጃ። እኔ ደግሞ እሷን ፈርቼ ስተኛ በሬን በወንበር እደግፍ ነበር።»

እናትየው ጓንጉሉን ከላስቲኩ አወጡት።

«ይኸ ስንት መክፈቻ አለው?»

«ሦስት።»

«እስኪ አንዱን ከቀለበቱ አውጪልኝ፤ ጥፍሬ እምቢ አለኝ።»

«ለማን ነው?»

«ለምራቴ። ገና ከበር ስትገባ እጇ ላይ አደርግላታለሁ።»

«ፊልሙስ?»

«እሱንማ አብረን እናየዋለን። ብቻዬን ሳየው ነው ያስፈራኝ።»

ሐይቅ መውረድ የነበረብኝ እኔ፣ ጨዋታቸው ይዞኝ፣ ከተማዋን ካለፍናት በኋላም «ወራጅ አለ» ለማለት አፌን አልከፈትኩም።