ዱባይ ያለው ልጅ

(ኮልፌ፣ ከግቢው ቧንቧ አጠገብ። አከራይዋ እትዬ የሺመቤት የቧንቧውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል፤ ተከራዩ ደርበው ባዶ ጀሪካን ይዞ ቆሟል።)

ደርበው፦ አሁን የምነግርዎት ውሸት ከሆነ ይህቺ ሳምንት ያልሞላት ልጄ አትደግልኝ፤ አንዲት ቃል አልጨምርም እትዬ።

የሺመቤት፦ መጀመሪያ ጣሪያው አራሷ ላይ ያፈሳልና ኪራይ ቀንሺ አልከኝ። ሁለት ሆናችሁ ገብታችሁ ሦስት ሆናችኋል፤ ጨምር አልኩህ። አሁን ደግሞ በጨቅላ መማል መጣ።

ደርበው፦ ቅናሹን የጠየቅሁት እኔ አይደለሁም። ልጅዎ ነው ያዘዘው።

የሺመቤት፦ የማን ልጅ?

ደርበው፦ የእርስዎ አስፋወሰን። ገና ቤቱን ስንከራይ ዱባይ ነው ያሉን።

የሺመቤት፦ እሱን ደግሞ የት አገኘኸው?

ደርበው፦ የአጎቴ ልጅ እዚያ ሾፌር ነው። የዱባይ ሙቀት ደግሞ ያውቁታል፤ እንቁላል ገዝተው ቤት ሳይደርሱ እጅዎ ላይ ይበስላል። ትናንት አስፋልቱ ቀልጦ መኪናውን እስከ መስኮቱ ዋጠው። አንድ ግዙፍ አበሻ መጣና በአንድ እጁ እንደ ሽንኩርት ነቀለለት። የማን ልጅ ነህ ቢለው፣ የኮልፌዋ የእትዬ የሺመቤት አለ።

የሺመቤት፦ ቁመቱ እንዴት ነው?

ደርበው፦ በር ሲገባ ጎንበስ የሚል።

የሺመቤት፦ በአባቱ ወጥቷል። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው?

ደርበው፦ አለው እንጂ። እናቴ በቅቤ ያሸችኝ እያለ ሲያሳየው እንባው መጣ አሉ።

የሺመቤት፦ ልጄን! ምን ብሎ አዘዘ ታዲያ?

ደርበው፦ የአራስ እንባ ቤት ያፈርሳል፤ እናቴ ኪራዩን በግማሽ ቀንሺ፣ ጣሪያውንም አስጠግኚ ብሏል።

የሺመቤት፦ እንዲህ ያለ አዛኝ እንደወጣው ሳላውቅ።

ደርበው፦ እንግዲህ ቀነሱልን ማለት ነው?

የሺመቤት፦ ደርበው፣ እኔ ወልጄ አላውቅም።

ደርበው፦ እንዴት?

የሺመቤት፦ አስፋወሰንን የወለድኩት በአፌ ነው። ተከራይ ሲሰለቸኝ፣ ልጄ ከዱባይ ሊመጣ ነው፣ ቤቱን ልቀቁለት እላለሁ። እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ።

ደርበው፦ እ... እትዬ፣ ሌላው ሁሉ እውነት ነው። አንዷን ብቻ ከራሴ ጨምሬያለሁ።

የሺመቤት፦ የቷን?

ደርበው፦ ጠባሳዋን።

የሺመቤት፦ እሷንማ እኔ ነኝ ያቀበልኩህ።

ደርበው፦ ይቅር ይበሉኝ። ቅናሹም ይቅር፤ በድሮው እንቀጥል። አራስ ናት፤ የት እወስዳታለሁ?

የሺመቤት፦ ምን አድርገህ ነው ይቅርታ የምትለው? አምኜሃለሁ እኮ። አስፋወሰን ለእኔም ደውሏል፤ ቅዳሜ ይገባል።