ለኮራ ደርዳሪው የተሰጠ ግጥም

ውጫሌ፣ የአጎቴ ልጅ ሰርግ ላይ ማሲንቆዬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ሙሽራው አንድ ጋምቢያዊ የሥራ ባልደረባውን ጋብዞ ኖሮ ሰውዬው ኮራ የሚባል የአገሩን መሣሪያ ታቅፎ ከች አለ። ግማሽ ቅል በቆዳ ተሸፍኖ ሃያ አንድ አውታር ተወጥሮበታል! የእኔ አንድ አውታር አሳፈረችኝ። መደርደር ጀመረ። ይኼኔ አክስቴ ዘሀራ ብድግ አለችና «ተቀበል!» ብላ በዜማ ግጥም ሰጠችው።

«ቅል ታቅፎ መጣ የሩቁ እንግዳችን፣
ማር ነው ወይ ወተት ነው የቀዳው ለጆሯችን!»

ክው አልኩ። እኛ ዘንድ ግጥም የተሰጠው ተጫዋች ቃል ሳይጥል በዜማ ካልመለሰ ሰጪው ይቀየማል፤ እንግዳው ደግሞ አማርኛ አያውቅም። ልደርስለት ማሲንቆዬን ሳነሳ፣ ሰውዬው ፈገግ ብሎ ዜማዋን በአውታሮቹ መለሰላት፤ ድምጿ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ እንኳ አልቀረውም። ቤቱ በእልልታ ተናጋ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች።

«አየህ አንተ? ይኼን ሁሉ ዘመን ግጥም ስሰጥህ አንድ ቃል ሳትጥል መልሰህልኝ አታውቅም። ይኼ አማርኛ የማያውቅ ሰው ግን፣ ወላሂ፣ አንዲት አልጣለብኝም!»