ከአንቴናው ማማ ላይ ስለተፈታው የመሬት ሽቦ

የምስክር ስም፦ ወ/ሪት ልዩ ኖህ
ዕድሜ፦ 31
ሥራ፦ የሬዲዮ ጣቢያ ቴክኒሻን
አድራሻ፦ ጉለሌ ክፍለ ከተማ፣ ጳውሎስ አካባቢ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሸጎሌ የሚገኘውን የጣቢያችንን የአንቴና ማማ የምከታተለው እኔ ነኝ። የጣቢያው ጥበቃ ይገዙ ዓለሜ የማማውን የመዳብ ሽቦ ሰርቋል ተብሎ መታሰሩን ሰምቼ ሳልጠራ ቀርቤያለሁ። ሽቦው ከማማው እግር ተነስቶ ግቢው ውስጥ ወደተቀበረ ብረት ይሄዳል፤ ሥራውም መብረቅን ወደ መሬት ማሳለፍ ነው።

ሐሙስ ሰኔ 26 ቀን የጣቢያው ጎረቤት ወ/ሮ መሰለች ስላረፉ እድሩ ድንኳን ሊተክል መጣ። ሰፈሩ ዳገት በመሆኑ ሜዳ ያለው የእኛ ግቢ ብቻ ነው። ሽቦው ለድንኳኑ ቋሚ አልመች ስላለ የእድሩ ድንኳን ኃላፊ አቶ ሙዘይን ቡሎኑን በቁልፍ ፈትተው አነሱት፤ የድንኳኑንም ገመድ ከማማው እግር ጋር አሰሩ። ይህን እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። ጊዜው ክረምት መሆኑን፣ መብረቅ ቢወርድ የሚያርፈው በለቀስተኛው ላይ መሆኑን ነገርኳቸው። «ልጄ፣ ሞት ገብቶ ወጥቷል፤ ደግሞ አይመለስም» አሉኝ። አንዲት ሴት «ለቅሶ መጥታ ሽቦ ታያለች» ስትልም ሰማሁ። በማግስቱም ቅዳሜም ለመንኳቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ንፍሮ ሰጥተው አስቀመጡኝ።

እሑድ ጠዋት ድንኳኑን ሲያነሱ ሽቦውን ጭቃ ላይ ጥለውት ሄዱ። ይገዙ ስልክ ደውሎ «እህቴ፣ ቆራሌው ሳያየው ጥበቃ ቤት አስገብቼዋለሁ፤ ነይና ግጠሚው» አለኝ። መሣሪያዬን ይዤ በታክሲ ስሄድ፣ ሸጎሌ ሳልደርስ መብረቁ ወረደ። ሰው አልተጎዳም። ማሰራጫው ግን ተቃጥሎ ጣቢያው እስካሁን ድምፅ የለውም፤ ዝናቡ ስላላቆመም ሽቦውን ያን ቀን አልገጠምኩትም። በማግስቱ ጉዳቱን ሊያጣራ የመጣ ፖሊስ ሽቦውን ከጥበቃ ቤቱ አግኝቶ በኤግዚቢትነት ያዘው፤ ይገዙንም አሰረው።

ዛሬ ጠዋት እኔ ግቢው ውስጥ ሳለሁ እድሩ ለሌላ ለቅሶ ድንኳኑን ይዞ መጣ። በሩ ተዘግቶ ስላገኙት አቶ ሙዘይን «ይገዙ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። እርስዎ በፈቱት ሽቦ ታስሯል፣ መጥተው ይመስክሩለት አልኳቸው። «እድር ያስቀብራል እንጂ አይመሰክርም። ይልቅ በሩን ክፈቺልን፣ ሬሳው ቤት ተቀምጧል» አሉኝ። ለቀስተኛ ከበር ስለማይመለስ ከፍቼላቸው መጥቻለሁ።

ይህን ቃል በምሰጥበት ሰዓት ሰዎቹ ሽቦ በሌለው ማማ ሥር ተቀምጠዋል፤ ከእንጦጦ በኩል ደመና እየወረደ ነው። ስለዚህ ይገዙ እንዲፈታ፣ ሽቦውም አሁኑኑ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።

የተጻፈው ተነቦልኛል። ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ ተናግሬያለሁ፤ ፍርድ ቤት ብጠየቅም የምለው ይህንኑ ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ልዩ ኖህ
ቃሉን የተቀበለው፦ ዋና ሳጅን ሂሻም ኢክረማ (ፊርማ)