ፊደል ማጥቆር

ከብቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው አውቶቡስ ከኋላዬ አባትና ልጅ ተቀምጠዋል። ልጁ በማግስቱ ሞጣ ላይ ማትሪክን በግል ሊፈተን ነው። አባቱ በአነጋገራቸው የቅኔ ቤት ሰው ናቸው፤ እንግሊዝኛውን እንደ ዳዊት ያስቀጽሉታል።

«በል ቀጥል።»

«ካን ጊቭ አፕ፣ ሜይ ጊቭ አፕ፣ ማስት ቱ ጊቭ አፕ…»

«ቁም! ያቺ ‹ቱ› ቅድም አልነበረችም።»

«ውይ፣ እውነትዎን ነው፤ አትገባም።»

«ከላይ ጀምር!»

«ኧረ አባባ፣ ሰው ይሰማናል።»

«ይስማ! ለመሆኑ ምን ማለት ነው?»

«ጊቭ አፕ ሁለት ቃል ሆኖ አንድ ግስ ነው፤ ተወ ማለት ነው። ከፊቱ ካን ሲገባ መተው ይችላል፣ ማስት ሲገባ መተው አለበት ይሆናል።»

«መልካም። ነገ ፈታኙ ፊት ስትቆም እንዲህ ሳትንተባተብ በል።»

«ፊቱ አልቆምም እኮ። አራት መልስ ተጽፎ ይመጣል፤ የትክክለኛውን ፊደል በእርሳስ ማጥቆር ብቻ ነው።»

«ሳትናገር?»

«ሳልናገር።»

«እንግዲያ የማያውቅም በግምት ሊያገኝ ነዋ!»

«ያገኛል። የሚያውቅም ይስታል።»

አባት ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ብትወድቅ ቀበሌው እንደ ወንድምህ ለጦር እንደሚወስድህ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይኸ ሁሉ ነገር ፊደል በማጥቆር?»

«ምን ላድርግ አባባ፣ እንዲያ ነው።»

«እስቲ እርሳሱን አሳየኝ። ጫፉ ደህና ነው?»

ዞሬ የልጁን ፊት ማየት አቃተኝና ሞጣ እስክንገባ የፊቴን ወንበር ጀርባ እያየሁ ተጓዝኩ።