ሲዲውን ሰጥቼ የተቆለፈውን የወሰድሁበት ምክንያት

የቃል ሰጪ ስም፦ አምሳል ወልደ ሥላሴ
ዕድሜ፦ 34
ሥራ፦ የሩዝ መፈልፈያ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ ወረታ ከተማ፣ መፈልፈያዎቹ ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን እዮብ አበረ
ጉዳዩ፦ እንግዳው ደሞዝ የተባሉ ግለሰብ ተታለልሁ ሲሉ ያቀረቡት አቤቱታ

…ከዚያ ሲዲውን በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሳዋል። ጭረቱን በጥፍሩ ይከተላል። አንዳንዱ ጭረት መሃል ላይ ይቆማል፤ አንዳንዱ እስከ ዳር ይዘልቃል፣ ያን ጊዜ ሲዲው አይሠራም። ታናሽ ወንድሜን ሰውመሆን ወልደ ሥላሴን ሳስብ የሚመጣልኝ ይህ ነው። ፊቱ አይመጣልኝም። የሚታየኝ ጣቱ ነው። ከየት እንደምጀምር ስጠየቅ ከዚህ የጀመርሁት ሌላ መጀመሪያ ስለሌለኝ ነው።

ሰውመሆንና አቤቱታ አቅራቢው እንግዳው ከልጅነታቸው ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው። ከሩዝ መፈልፈያዎቹ አጠገብ፣ በእንግዳው ቤት አንዱ ክፍል ውስጥ፣ በጋራ የፕሌይስቴሽን ቤት ከፍተው ያሠሩ ነበር። ሁለት ማሽን ነበራቸው። አሮጌው በሲዲ የሚያጫውት ነው። ሲዲ በእጅ ይያዛል፣ ለጎረቤት ይዋሳል፣ ይሰበራል። መፈልፈያዎቹ ሥራ ሲጀምሩ የገለባው ብናኝ በበሩ ሥር ይገባና ሁሉም ነገር ላይ ያርፋል። ወንድሜ የሚጠርገው እሱን ነበር። ሲጠርገው ደግሞ ይጭረዋል። ሳይጠርገው ቢተወው አይነበብም።

በዚህ ምክንያት አዲሱን ማሽን ሲያመጣ ከእንግዲህ ሲዲ አልገዛም አለ። በራሱ አካውንት ከፍቶ፣ ማሽኑን ኔት ወደሚፈጥንበት ወደ ባሕር ዳር እየወሰደ ጌሞቹን ያስጭን ጀመር። የተጫነ ጌም ብናኝ አይነካውም። ነገር ግን የሚጨበጥ ነገር የለውም፤ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በአካውንቱ ነው። የአካውንቱ ስም ቡሬ ይባላል። ቡሬ አባታችን ቤት የነበረ በሬ ነው።

ከተጫኑት ጌሞች አንዱ የእርሻ ጌም ነው። ተጫዋቹ በትራክተር ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያጭዳል። የቀሩት ኳስ ናቸው፤ ደንበኛ የሚመጣውም ለኳስ ነው። እርሻውን ከሰውመሆን በቀር የሚከፍተው ሰው አልነበረም። አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት በሄድሁ ጊዜ እንግዳው ተጫዋቾቹ ፊት “ሰው ከእርሻ ሸሽቶ እዚህ ይገባል፤ አንተ እዚህም ገብተህ ታርሳለህ? የአባትህ መሬት አነሰህ?” ሲለው ሰምቻለሁ። ሰውመሆን ዓይኑን ከቲቪው ሳያነሳ “የአባቴ መሬት ላይ ጎርፍ ይተኛበታል፤ እዚህ ማንም አይተኛበትም” ብሎ መለሰለት። ሁሉም ሳቁ። እኔም ስቄአለሁ።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ እሄዳለሁ ብሎ ከቤት ወጣ። ጠዋት ነበር። ከኋላው በሩን ስዘጋ አንድ ነገር ብሎኛል፤ ምን እንዳለኝ አላስታውስም። ምናልባት ስለ ምሳው ነው። ከዚያ ወዲህ አልደወለም። በዓመቱ አብሮት ሄዶ የነበረ ሰው ተመልሶ፣ ሰውመሆን በወባ ሞቷል ብሎ ነገረን። መቃብሩን አላየም። እሱም የሰማው ከሌላ ሰው ነው።

እናታችን በሕይወት የለችም። አባታችን መሪጌታ ወልደ ሥላሴ በፎገራ ሜዳ ባለ አንድ ደብር ያገለግላሉ፤ ከተማ ሲመጡ የሚያርፉት እኔ ቤት ነው። ዘመዶች ለልጅዎ ተዝካር ያውጡለት ሲሏቸው አይመልሱም ነበር። እምቢም አላሉም።

ባለፈው የካቲት የጌም ቤቱ ንብረት ይከፈል ተባለ። በእኛ ዘንድ ንብረት ሲካፈሉ አንዱ ወገን ሁለት ቦታ ይደለድላል፣ ሌላው ወገን ይመርጣል። የደለደልሁት እኔ ነኝ። በአንድ ወገን አሮጌውን ማሽንና በሰፌድ የተደረደሩ ሲዲዎችን፣ በሌላው ወገን አዲሱን ማሽን ብቻውን አስቀመጥሁ። ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት አቶ መንግሥቴ አዲሱን ማሽን አንስተው ወዘወዙት።

“የዚህኛውስ ጌም የታል?” አሉ።

“ውስጡ ነው ጋሼ” አላቸው እንግዳው።

“አውጣውና ከዚያኛው ጋር ይተያይ እንጂ።”

“አይወጣም ጋሼ። ውስጡ ነው የሚኖር።”

“እንግዲያ ሰው ሲጠይቀኝ አላየሁም ነው የምለው” አሉ። ተሳቀ።

አባቴ አልሳቁም። እንግዳውን ወደ እሳቸው ጠርተው “መጽሐፍ ያለው ሰው ቢሄድ መጽሐፉን ከፍተህ ታነባለህ። ትምህርቱን በቃሉ የያዘ ሰው ከሄደ ግን፣ ራሱ ካልተመለሰ ከማን ትሰማለህ?” አሉት። እንግዳው “የኔታ፣ ሲዲን እኮ ብናኝ ይበላዋል” ብሎ አዲሱን ማሽን መረጠ። ሰፌዱን እኔ ይዤ ወደ ቤቴ ሄድሁ። መራጭዋ እኔ ብሆን የቱን እወስድ እንደነበር በዕለቱ አላሰብሁም። አሁን ይህን ስናገር፣ በእርግጥ አለማሰቤን ማረጋገጥ አልችልም።

ከፋሲካ በኋላ ዘመዶች ተሰብስበው አባቴን አሳመኗቸው። ተዝካሩ ለፊታችን እሑድ ግንቦት 17 ተቆረጠ። ጌሾው ተወቅጧል፣ ብቅሉ ተፈጭቷል፣ ለካህናቱም ተነግሯል።

ሰኞ ግንቦት 11 ቀን ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ የነበረው ኔት በከተማው ተለቀቀ። ኔት በሌለበት ጊዜ ሁሉ የእንግዳው ማሽን ያለ ችግር ያጫውት እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል። በዚያው ዕለት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ እንግዳው መፈልፈያው ድረስ እየሮጠ መጣ። የመፈልፈያው ድምፅ ስለነበረ መጀመሪያ ያየሁት የአፉን እንቅስቃሴ ነው። መፈልፈያው ሲጠፋ ድምፁ መጣ።

“ምን አደረግሁሽ እታለም? ምነው ጉድ ሠራሽኝ? በሬ እንደ ተቆለፈ አድሮ ጌሜ ተወሰደ!”

አብሬው ሄድሁ። በሩ አልተሰበረም። ማሽኑ በቦታው ነበር። ቲቪው ላይ ከየጌሙ ስም አጠገብ ትንሽ የጓጉንቸር ሥዕል ይታያል። ከበታቹ በእንግሊዝኛ የተጻፈውን እንግዳው ሲያነብልኝ፣ የእነዚህ ጌሞች አካውንት በሌላ ማሽን ላይ ስለተከፈተ ከእንግዲህ በዚህ ማሽን አይሠሩም የሚል ነው። “የይለፍ ቃሉን ከእናንተ ቤት ሰው በቀር ማን ያውቀዋል?” አለኝ። እኔ የይለፍ ቃሉን አላውቅም። አባቴ የይለፍ ቃል ምን እንደሆነ አያውቁም።

ከዚያም እንግዳው በራሱ ስም ገብቶ የጓደኞች ዝርዝር የሚባለውን ከፈተ። ቡሬ ከሚለው ስም ጎን አረንጓዴ ነጥብ ነበረች። ነጥቧ ሰውዬው በዚህ ደቂቃ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል ማለት እንደሆነ ነገረኝ። “አየሽው? ሌባው ይጫወታል!” አለ። ከነጥቧ ሥር የሚጫወተው ጌም ስም ተጽፎ ነበር። ፊደሉን ባላነብም ሥዕሉን አውቀዋለሁ። ትራክተር ነው።

ለእንግዳው ሰውመሆን የሞተ ሰው ነው፤ የሞተን ሰው የሚጠረጥር የለም። ቆሜ ነጥቧን አየሁ። እንግዳው መናገሩን አላቆመም። አንድ ተጫዋች በሩ ላይ ብቅ ብሎ ኳስ የለም ወይ ብሎ ተመለሰ። ነጥቧ ጠፋች።

ያኔ ለእንግዳው “አሮጌውን ማሽን ከነሲዲው ውሰድና ይህን ስጠኝ” አልሁት።

“ይህን? የማይሠራውን?”

“አዎ።”

“ፀሐይ መታሽ እንዴ?”

በዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ተለዋወጥን። በማግስቱ እንግዳው ነገሩን አሰበበት። የሚሠራ ዕቃ ሰጥቶ የማይሠራ የሚወስድ ጤነኛ ሰው የለም፤ ስለዚህ መክፈቻው በእጇ ነው፣ ራሷ ቆልፋ ነው ያስለወጠችኝ ብሎ ወደ ጣቢያው መጣ። እንዲህ በማሰቡ አልቀየመውም። ነገሩን ከውጭ የሚያይ ሰው ሌላ ምን ሊያስብ እንደሚችል አላውቅም።

አካውንቱን የከፈተው ወንድሜ ስለመሆኑ ማስረጃ እንዳለኝ ተጠይቄ፣ የለኝም። ሰውመሆን አካውንቱን ለሌላ ሰው ሸጦት፣ ወይም ስልኩ እጁ የገባ ሰው ከፍቶት ሊሆን ይችላል ወይ ተብዬ ተጠይቄ፣ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው እርሻ ሊወድ ይችላል። በሕይወት ካለ ለምን እንዳልደወለ ተጠይቄ፣ አላውቅም። ይህን ጥያቄ ወደዚህ ስመጣ መንገድ ላይ ራሴን ጠይቄዋለሁ፤ ከመንገዱ በፊትም። ወንድሜ ከሆነ ጌሞቹን ከእንግዳው የወሰደው እሱ ነው ማለት እንደሆነ ተጠይቄ፣ በስሙ ያለውን ነገር ከፈተ። ወሰደ ይባል እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ይንገረኝ። ወሰደ ከተባለም፣ ይጻፍ። ሞተ ተብሎ ከሚጻፍ ይሻላል።

ማክሰኞ ግንቦት 12 አባቴ ለተዝካሩ ዝግጅት ከተማ ሲገቡ ነገርኋቸው።

“አባባ፣ ሰውመሆን ሰኞ ጠዋት ሲያርስ ነበረ።”

“የት?”

“ቦታውን አይናገርም።”

“ድምፁን ሰማሽ?”

“አልሰማሁም።”

“ፊቱንስ?”

“ፊቱም የለም። አረንጓዴ ነጥብ ናት፣ አባባ።”

ጋቢያቸውን እንደገና ተከናነቡት። ከዚያ “በዓይኔ ካየሁ ብቅሉን ለከብት እሰጠዋለሁ፤ ለካህናቱም እኔው እናገራለሁ። ካላየሁ እሑድን አላልፈውም። ልጄን ያለ ጸሎት እስከ መቼ አቆየዋለሁ?” አሉኝ።

ትናንት ረቡዕ ከቅዳሴ መልስ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ቲቪው ፊት ከእንጨት በተጠረበች ትንሽ ዱካ ላይ ተቀመጡ። እንግዳው በራሱ ስም እንደገባ ሳይወጣ ስለለወጠኝ፣ በእሱ ስም ያለውን ዝርዝር ከፍቼላቸው ነበር። ነጥቧ ግራጫ ነበረች። መብራት ሄዶ መጣ። ዝርዝሩን መልሼ ከፈትሁላቸው።

“አሁንስ?” አሉኝ።

“ገና ነው አባባ።”

መስኮቱን አዩ። “ይሁን። በዚህ ሰዓት በሬ ይፈታል” አሉ። ከዱካው ግን አልተነሱም።

ዛሬ ጠዋት ማሽኑን ይዤ እንድቀርብ ስለታዘዝሁ በሩዝ ጆንያ አድርጌ ይዤው መጥቻለሁ። ስወጣ አባቴ ዱካው ላይ ነበሩ፤ የሚያዩትም ባዶውን ቲቪ ነበር። ገመዱን ስነቅል እጄን አይተዋል።

ማሽኑ ነገሩ እስኪጣራ ድረስ በኤግዚቢትነት ጣቢያው ውስጥ እንደሚቆይ ተነግሮኛል። እስከ እሑድ ጠዋት ብቻ ቤቴ እንዲቆይና ከዚያ በኋላ ራሴ እንዳመጣው ጠይቄ አልተፈቀደልኝም። ያ ካልሆነ እዚሁ ከመብራትና ከኔት ጋር ተያይዞ አንድ ሰው አልፎ አልፎ እንዲያየው፣ ነጥቧ ከበራችም ለአባቴ ሰው እንዲላክባቸው ጠይቄ፣ በኤግዚቢት ክፍሉ ሶኬት እንደሌለ ተነግሮኛል። ጥያቄው ግን ከቃሌ ጋር ይጻፍልኝ ብዬ ተጽፎልኛል። እንግዳው ሲዲዎቹን ይመልስ አልልም። ይያዛቸው።

የተናገርሁት ካየሁትና ከሰማሁት አይበልጥም። ያላየሁትን አላየሁም ብያለሁ። የተጻፈው ተነቦልኝ የራሴ ቃል መሆኑን፣ ያስገደደኝም ሰው አለመኖሩን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የቃል ሰጪ ፊርማ፦ አምሳል ወልደ ሥላሴ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን እዮብ አበረ

ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪዋ ከፈረሙ በኋላ ማሽኑን ከጆንያው አውጥተው፣ ላዩን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው አስረክበዋል። እስከ ኤግዚቢት ክፍሉ ተከትለው መጥተዋል። ማሽኑ መደርደሪያው ላይ ሲቀመጥ ገመዱን ጠቅልለው ከላዩ አድርገዋል። ከደጅ ጋቢ የተከናነቡ፣ መቋሚያ የያዙ አንድ ሽማግሌ የቃል ሰጪዋን ስም ሲጠሩ ተሰምቷል። በሩ ተዘጋ።