ጋሽ ቢሻው የደባለቁት ቅጠል

ወደ ዋጫ የምትሄደው መኪና ሺሺንዳ ከተማ ላይ ሰው እስክትሞላ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተጠለልኩ። አስተማሪ ነኝና ሰው ሲከራከር እየሰማሁ ዝም ማለት አይሆንልኝም። አጠገቤ አገሩ ሁሉ በባህል ሐኪምነታቸው የሚያውቃቸው ጋሽ ቢሻው ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው የቆመችው በእምነት ደግሞ በዩኒቨርሲቲ ዕፅዋት ላይ የምትመራመር ወጣት ናት።

«ጋሽ ቢሻው፣ አምና የሰጡን የእብጠት መድኃኒት ዱቄት ምንም አላሳየም» አለች በትሕትና። «ጭማቂውን አውጥተን በቤተ ሙከራ ብርጭቆ ውስጥ በምናሳድጋቸው የካንሰር ሴሎች ላይ ጨመርነው። ከቁብም አልቆጠሩት።»

ሽማግሌው ሳቁ። «እንዴት ያሳያችሁ ልጄ! አብዛኛው እኮ ተራ የአጥር ቅጠል ነው። አዋቂ መድኃኒቱን ለብቻው አይሰጥም፤ እንዳይታወቅበት ደባልቆ ይወቅጣል። ስሙ ከተጠራማ ኃይሉ ይጠፋል። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ይቺ ልጅ ዓመቱን ሙሉ አጥርዎን ስትመረምር ከረመች ማለት ነው?» አልኩ ሳልጠየቅ።

በእምነት ግን አልተቆጣችም። «የአባትዎን መድኃኒት ሁሉ ተምረዋል?» ስትል ጠየቀቻቸው።

ሳቃቸው እዚያው ቆመ።

«የጡት እብጠት መድኃኒቱን አልተማርኩም» አሉ ቀስ ብለው። «‹ጊዜው ሲደርስ አሳይሃለሁ› ይለኝ ነበር። ቡና ለቀማ ላይ እንዳለ በድንገት ሞተ። ኋላ ባለቤቴን ሙሉነሽን ጡቷን አመማት። ከእሱ የተረፈ ትንሽ ዱቄት ቤት ውስጥ ነበር፤ ሰጠኋት፣ አለቀ። ከምን ከምን እንደተደባለቀ ማን ይለየው? ክረምቱን ቅጠል እየቀመስኩ ጫካ ለጫካ ዞርኩ። እሷ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች፤ ባዶ እጄን ስታይ ‹ነገ ታገኘዋለህ› ትለኛለች። ዛሬም ጫካ ስገባ ዓይኔ እሱን ይፈልጋል። ባገኘው ለማን ይዤ እንደምሮጥ እንጃ።»

ንዴቴ ጠፋ። የሞተችን ሚስት መናፈቅ ያለ ነው፤ ያልተገኘ ቅጠልን ከእሷ ጋር አብሮ መናፈቅ ግን ምንኛ ይከብዳል!

«አልዋሽዎትም ጋሽ» አለች በእምነት። «ቅጠሉ ቢገኝም ላያድናቸው ይችል ነበር። እብጠት እንደታየ ሐኪም ቤት መሄድ ይሻላል። በብርጭቆ ውስጥ የካንሰር ሴል የገደለ ሁሉ ሰው አያድንም፤ ጤነኛውንም ሴል የሚገድል አለ። ሰውነትን ከጉዳት የሚከላከለው፣ አንቲኦክሲዳንት የምንለው ነገር መኖሩም ተለክቶ ነው የሚታወቀው። ለዚህ ደግሞ ተክሉ ሳይደባለቅ፣ ከነአበባው ከነሥሩ ያስፈልገኛል።»

«ስሙ ተጠርቶ ኃይሉ ቢጠፋስ?»

«የአባትዎ መድኃኒት ስሙ አልተጠራም። ታዲያ ኃይሉ የት አለ?»

ጋሽ ቢሻው ጋቢያቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉና ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ጅረት ወረዱ። አንድ ተክል ከነጭቃው ነቅለው መጡ። ለእብጠት የሚሰጡት፣ ከአጥር ቅጠል ጋር የሚደባልቁት እሱ ነበር። በአገሩ ቋንቋ በካፊኖኖ ስሙን ጮክ ብለው ጠሩት።

እኔም ሰምቻለሁ፤ ግን አልጽፈውም። ሳይፈተን አፍልቶ የሚጠጣ አይጠፋምና። ፈተናውን ካለፈ ለብዙ ሕመምተኞች የተስፋ መጀመሪያ ይሆናል። ከወደቀም ጥቅም አለው፤ እሱን ብላ ሐኪም ቤት ከመሄድ የምትዘገይ ሴት አትኖርም። አዋቂው ቢሞትም እውቀቱ አብሮት አይቀበርም።

መኪናችን ጡሩምባ ነፋች። ልሳፈር ስነሳ ጋሽ ቢሻው በእምነትን ሲጠይቋት ሰማሁ።

«የእኔን ከፈተንሽ በኋላ የአባቴንም ትፈልጊልኛለሽ?»

«የዞሩበትን ጫካ ካሳዩኝ አብረን እንፈልጋለን። ይገኛል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

«ግድ የለም። የተገኘ ቀን ብቻ ለእኔ ቶሎ ንገሪኝ» አሉ። «መቃብሯ ዘንድ ሄጄ ስሙን እነግራታለሁ።»